ሳልመኑ ከላይ የለም፤ ቅዝቃዜው ጋ ውረዱ

«በነሐሴ መጨረሻ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው። ጀልባ አለው። ሚሺጋን ሐይቅ ላይ መንጠቆ እየጎተተ ይውላል፤ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ግን አንድም አልያዘም። ምን ጎድሎት ነው?» ብለሃል።

እኔም ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት እዚያው ዳርቻ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ባዶ እጄን ነው የገባሁት። ዓሣ የሚያታልለውን ሰው ሠራሽ ማባበያ ስለዋውጥ ከረምኩ። ዛሬ ብርማ፣ ነገ አረንጓዴ። ኪሴ ተራቆተ። ለካ ችግሩ ጥልቀቱ ኖሯል።

ጣርማበርን ታውቀዋለህ። ጋቢ ተከናንበህ ዋሻውን ታልፋለህ፤ ደብረ ሲና ሳትደርስ ጋቢውን ትጥላለህ። ሐይቁን ያንን ገልብጠህ አስበው። ነሐሴ እኛ ዘንድ ክረምት ቢሆንም እዚያ ሙቀት ነው፤ ላዩ 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ወደ ታች ስትወርድ ድንገት ይቀዘቅዛል። ሳልመን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ያለውን ውሃ ይወዳል። እዚያ የሙቁና የቀዝቃዛው ውሃ ድንበር ላይ ፈልገው።

ድንበሩ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ሚልዋኪ በምዕራቡ ዳርቻ ናት። ነፋስ ከምዕራብ ሲበረታ የላዩን ሙቅ ውሃ ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ወደ ዳር ይወጣል። ዓሣውም አብሮ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘ ወንድምህ ሥራውን ያስፈቅድ!

መንጠቆውን የሚያወርደው ዳውንሪገር የሚባል መሣሪያ ነው። አምስት ኪሎ የሚጠጋ ክብ ብረት በሽቦ ይወርዳል፤ የመንጠቆው ክር በመቆንጠጫ ይያያዝበታል፤ ዓሣው ሲነክስ ይላቀቃል። የጀልባው ፍጥነት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ የሰው እርምጃ ማለት ነው። ታች ያለው ውሃ ግን የራሱ ፍሰት አለው፤ የማባበያውን ፍጥነት ይለውጠዋል። አንድ ቀን ወደ ሰሜን ስንሄድ እየነከሰ፣ ስንመለስ ጭጭ አለ። ሞተሩን ትንሽ ስንጨምርለት መጣ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ቺኑክ የሚባሉት ትልልቆቹ ሳልመኖች ዕንቁላል ለመጣል ወደ ወደቡና ወደ ወንዙ አፍ ይጠጋሉ። ያኔ መብላት እያቆሙ ነው። ርቧቸው ሳይሆን ተናደው ነው የሚነክሱ የሚመስሉት። ስለዚህ የሚወራጭ፣ በጨለማ የሚያበራ ትልቅ ማባበያ ጎህ ሳይቀድ ጣሉ። ፀሐይ ከወጣች ቡናችሁን አፍሉ።

ከማጥመጃ ፈቃዱ ሌላ፣ ተጨማሪ ፈቃድ የሆነውን የሳልመን ቴምብርም ግዛ። መንጠቆ ከዚህ አትሸከም። ጋቢህን ግን ያዝ፤ ማለዳ ሐይቁ ላይ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያስታውስሃል።