«የሚበቃኝ ስንት ነው?» ለምትሉ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዎች እኩል እያገኙ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ለምን እንቅልፍ ያጣል?» ብሎ የጠየቀኝ ሒሳብ ሥራ ጀማሪ የሆነ ልጅ ነው። እኔም መልስ ሳስብ እዚሁ ሐዋሳ መዝገባቸውን እይዝላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። እስከ ዛሬ ሳስባቸው ይቆጨኛል።

ሁለቱም እያንዳንዳቸው በአንድ ባጃጅ ነው የጀመሩት። አንደኛው ባጃጁን ሁለት አደረገ፣ ቀጥሎ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ፣ ከዚያ በባንክ ብድር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት መሥራት ጀመረ። ሰው «አይጠግብም» ይለው ነበር። መዝገቡን ለሚያይ ግን ሆዳም አልነበረም፤ አለባበሱም ምግቡም የድሮው ነው። አባቱ ዕዳ ትቶ ሞቶ የቤተሰቡ ቤት ሲሸጥ በልጅነቱ አይቷል። የሚያሮጠው ያ ነው። «ይህን ያህል ከያዝኩ አርፋለሁ» ያለው ገንዘብ ሲሞላለት ልኩን ከፍ ያደርገዋል፣ እንደገና ሲሞላ እንደገና ከፍ።

ፎቁን ሲያሰላ የቆጠረው ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ጠጠርና የእጅ ዋጋ ነበር። ፊኒሺንጉን፣ ማለትም የማጠናቀቂያ ሥራውን፣ በግምት አለፈው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቧንቧ፣ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ ልስንና ቀለም ተደምረው ብዙ ጊዜ የስትራክቸሩን፣ ማለትም የቤቱን አጽም፣ ያህል ይበላሉ። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ተሞልቶ ገንዘቡ አለቀ። ያላለቀ ቤት ኪራይ አያስገባም፣ የባንክ ወለድ ግን በየወሩ ይቆጥራል። ስለዚህ የብድሩን ክፍያ ከሱቁ መንቀሳቀሻ ገንዘብ መውሰድ ጀመረ። ሱቁ ውስጥ ቆርቆሮ ሲኖር ሚስማር ይጠፋል፣ ሚስማር ሲገባ ቆርቆሮው ያልቃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የፈለገ ደንበኛ ጎረቤት ሱቅ ይገባና በዚያው ይቀራል። በመጨረሻ ትርፍ የሚያመጣውን ሱቅ ሸጦ ትርፍ የማያመጣውን ቤት አዳነ።

ሁለተኛው አንዷን ባጃጅ ራሱ እየነዳ አሥር ሰዓት ላይ ያቆማታል። ከልጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ይበላል፣ ልቅሶም ሰርግም አይቀርም። ሁላችንም «ያለው ማማሩ» እያልን እናደንቀው ነበር። ዛሬም ደግ ሕይወት ነበር እላለሁ። ግን የእሱ እርጋታ ከሥሩ ድጋፍ ነበረው፤ ሚስቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ደመወዟ ወር ጠብቆ ይገባል፣ ቤቱም የኪራይ አይደለም። አንደኛው እነዚህ ሁለቱ ቢኖሩት ያን ያህል ይሮጥ ነበር? አይመስለኝም።

ችግሩ ባጃጇን እየበላት መሆኑ ነው። ከቀን ገቢው ነዳጅ ሲቀንስ የቀረውን ሁሉ ትርፍ ይለዋል። ዘይት ለውጥ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሲመጡ በብድር ይወጣቸዋል። ለምሳሌ በ300,000 ብር የተገዛ ባጃጅ አምስት ዓመት ይሠራል ብንል፣ በወር 5,000 ብር የባጃጇ እንጂ የባለቤቱ አይደለም። እሱ ይህን 5,000 ለቤት ያወጣዋል። ሞተሯ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት የአዲስ ባጃጅ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር፤ ልጆቹም ኮሌጅ የሚገቡበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ያ የረጋ ሰው በዚያ ዕድሜው የሰው ባጃጅ ለመንዳት ተቀጠረ። ከሁለቱ የእሱ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ገንዘብና ደስታ እንዴት እንደሚያያዙ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ሐሳብ ቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን አሜሪካ ውስጥ የዓመት ገቢ ከ75,000 ዶላር ካለፈ የዕለት ተዕለት ደስታ መጨመሩን ያቆማል ብለው ነበር። በ2023 ግን ራሱ ካህነማን ከማቲው ኪሊንግስወርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ሆኖ ለአብዛኛው ሰው ጭማሪው እንደሚቀጥል፣ የሚቆመው በጣም ደስታ ለራቃቸው መሆኑን አሳየ። ስለዚህ «ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» ብሎ ወጣትን መምከር አልወድም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ አንድ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ለቤተሰብ የምትልክን ልጅ «በቃሽ» ማለት ግፍ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የዋጋ ንረቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ግን 7 በመቶ። ባንክ ያስቀመጣችሁት 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ሲሆን፣ በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130,000 አለፈ። ቆሜያለሁ ያለ ሰው ወደ ኋላ ሄዷል። እቁብም ያው ነው። ሃያ ሰው በየወሩ 5,000 ቢጥል፣ በመጀመሪያው ወር 100,000 የወሰደው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ንረቱ 20 በመቶ ከሆነ የመጨረሻው ሰው የሚወስደው 100,000 መጀመሪያ ላይ 75,000 ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ዕቃ ለመግዛት ከሆነ ዕጣው ቀደም ብሎ እንዲወጣላችሁ ተነጋገሩ፤ ዓላማ ከሌላችሁ ቀድማችሁ አትውሰዱት፣ ይባክናል።

እንግዲህ ልካችሁን ቁጠሩት። ሦስት ወር ሙሉ ወጪያችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚረሳው በዓመት አንዴ የሚመጣውን ነው፤ የመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የበዓል በግ፣ ከገጠር የሚመጣ ታማሚ ዘመድ። እነዚህን ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና በወሩ ላይ ጨምሩ። የምትሠሩበትን መሣሪያ መተኪያ ደግሞ በተገዛበት ሳይሆን በዛሬ ዋጋ አስሉ፣ በየስድስት ወሩም አድሱት። የስድስት ወር ወጪ መጠባበቂያ ያዙ። ከዚያ በላይ የሚገባው ብር ገና ሳይመጣ ምን እንደሚሠራበት ይወሰን፤ ያልተወሰነለት ብር ከጎረቤት ጋር መፎካከሪያ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች የምትፎካከሩት ከጎረቤት ጋር እንኳ አይደለም፤ ስልክ ላይ ዱባይ ከተነሳ ፎቶ ጋር ነው። የድሮው ሰው ቢያንስ የሚቀናበትን ሰው ዕዳ ያውቅ ነበር። ይህን ስል በሥራ ከእኛ የባሳችሁ ናችሁ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ከእኛ የበለጠ ትለፋላችሁ።

ትዳር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ደብተሩን ሁለታችሁም ያዙት። አንዱ ልኩ ሞልቷል ብሎ ሲያርፍ ሌላው ገና ነው እያለ የሚሮጥበት ቤት ገቢው ምንም ያህል ቢሆን ሰላም የለውም። በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን አብራችሁ ዝጉ፣ ቁጥሩንም አብራችሁ ቀይሩ።