የመስሚያ መሣሪያ፦ ከሩቅ ማዘዝ ወይስ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ማስገጠም? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመስማት ምርመራ ማድረግና የመስሚያ መሣሪያ መግጠም ነው፤ መሣሪያ አልሸጥም። «ከቤቴ ሳልወጣ ማዘዝ እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የሚሸጡት ይሠራሉ ወይስ ማታለያ ናቸው?

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ነው የሚቀርቡት። አንደኛው ተራ ድምፅ ማጉያ ነው። የበሩንም፣ የመኪናውንም፣ የሰውንም ድምፅ አንድ ላይ ያጎላል። መስማት ለቀነሰበት ሰው ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ይቅርባችሁ። ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ በስልኩ እየሞከረ የሚያስተካክለው ነው። አሜሪካ ይህን ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ችግራቸውም ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። ሦስተኛው ክሊኒክ ውስጥ የሚሰጠው ያው መሣሪያ ሆኖ፣ የምርመራ ውጤታችሁን አይተው ከሩቅ አስተካክለው የሚልኩት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ለሚስማማቸው ሰው በደንብ ይሠራሉ። ሻጩ መሣሪያው ለየትኛው የመስማት መቀነስ ደረጃ እንደሆነ ካልተናገረ፣ ወይም ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከል የማይቻል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው ብላችሁ እለፉት።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 አልፏቸዋል። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ይከፍቱታል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላቸው እሺ አይሉኝም። ዝም ብዬ አዝዤ ልስጣቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማዘዝሽ በፊት የአባትሽ ጆሮ ውስጡ ይታይ። ኩክ ብቻውን ጆሮ ሊደፍን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ተጠርጎ የሚያልቅ ነገር ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ወይም ታምቡሩ ተበስቶ ሊሆንም ይችላል። ይህን በመሣሪያ ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው እንጂ በስልክ የሚሞላ መጠይቅ አይለየውም።

ከጆሯቸው መግል ወይም ደም የሚወጣ ከሆነ፣ የሚያማቸው ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ፣ የቀነሰው አንደኛው ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ጭው የሚልባቸው ከሆነ፣ ግዢውን ትተሽ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ውሰጃቸው። በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የጠፋ መስማት ደግሞ አስቸኳይ ሕመም ነው። የስቴሮይድ ሕክምና ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ሌላውን ብትረሱ ይህችን እባካችሁ ያዙልኝ።

እሺ አለማለታቸውን በተመለከተ፣ ሰው ሳይፈልግ የተገዛለት መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። «ኩክ ይዞዎት እንደሆነ እናሳየው» ብትያቸው ከ«ጆሮዎ ደክሟል» ይልቅ ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤቴ የተሳለበት ወረቀት) አለኝ። ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው አስተካክለው እንደሚልኩልኝ ነግረውኛል። ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ኦዲዮግራም የሚነግረን ከወፍራሙ 250 ኸርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ኸርዝ ድረስ በእያንዳንዱ ቦታ ለመስማት የሚያስፈልግህን ትንሹን ድምፅ ነው። ከዚያ ተነስቶ መሣሪያው የቱን ያህል ማጉላት እንዳለበት የሚያሰላ ቀመር አለ፤ በብዛት የሚሠራበት ኤንኤኤል-ኤንኤል2 ይባላል። እስከዚህ ድረስ ከሩቅ ይሠራል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ስሌቱን የሚጨርሰው አማካይ ጆሮ አስቦ መሆኑ ነው። ያንተ የጆሮ ቱቦ ከአማካዩ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል፤ ከመሣሪያው ጫፍ የሚገባው የሲሊኮን ቆብም የሚያሾልከው ድምፅ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቁጥር የተሞላ አንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ሰዎች ታምቡር ላይ የሚያደርሰው ድምፅ በ10 ዴሲቤልና (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ከዚያም በላይ ሊራራቅ ይችላል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎዳው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እነ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ያሉት እዚያ ነው። «ተሳለ» ተባለ ወይስ «ተሻለ» የሚለውን የሚለየው ያ ቀጭን ድምፅ ነው። «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይገባኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህ ነው።

ባለሙያ ዘንድ ስትቀመጥ ከመሣሪያው ጎን እንደ ክር የቀጠነች የማይክሮፎን ቱቦ እስከ ታምቡሩ አቅራቢያ ትገባለች። ንግግር ዝቅ ባለ፣ በመካከለኛና ከፍ ባለ ድምፅ ይለቀቅና ታምቡሩ አጠገብ የደረሰው ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ይሳላል። ባለሙያው ያንን መስመር ቀመሩ ከሚፈልገው መስመር ጋር እስኪገጥም ያስተካክላል። አያምም፣ ረጅም ጊዜም አይወስድም።

በግልጽ መናገር ያለብኝ ግን ይህን ልኬት የማያደርጉ የመግጠሚያ ቦታዎችም ብዙ መሆናቸውን ነው። መሣሪያውን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ባቀረበው ቁጥር ሞልቶ፣ «እንዴት ነው፣ ተሰማህ?» ብሎ የሚሸኝ ቦታ ከሩቅ ከማዘዝ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዝ «ድምፁን ጆሮዬ ውስጥ በማይክሮፎን ትለካላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። መልሳቸው ሌላ ቦታ ልትፈልግ ይገባህ እንደሆነ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ለልጄስ ከሩቅ ማዘዝ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። የልጅ የጆሮ ቱቦ ትንሽ ስለሆነ ያው መሣሪያ ከአዋቂው ይልቅ በጣም የጎላ ድምፅ ያደርሳል። ጆሮውም ስለሚያድግ በጆሮው ልክ የሚቀረጸው የመሣሪያው ማስገቢያ በየጊዜው እንደገና መሠራት አለበት። ከሁሉም በላይ ልጁ ቋንቋ የሚማረው በዚያ ጆሮ ነው፤ የባከነው ጊዜ በቀላሉ አይመለስም። የሕፃናት ልምድ ያለው ባለሙያ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ከሩቅ ያዘዝኩት ደርሶኛል። ስናገር ጋን ውስጥ ሆኜ የማወራ ይመስለኛል። ደግሞም ያፏጫል።

መልስ፦ ሁለት ችግሮች ናቸው፤ የአንዱ መፍትሔ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። የራስህ ድምፅ የሚያስተጋባብህ ጆሮህ ስለተደፈነ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ክፍት ቆብ ያቀልለዋል። ፉጨቱ ደግሞ የጎላው ድምፅ ሾልኮ ወጥቶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ የሚመጣ ነው፤ ክፍት ቆብ ይህን ያባብሰዋል። በጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ስትገፋው ፉጨቱ የሚቆም ከሆነ ቆቡ አንሶሃል ማለት ነው፤ አብረው ከተላኩት ውስጥ ከፍ ያለውን ሞክር። ካልቆመ ጆሮህ ኩክ ይዞ እንደሆነ አሳይ፤ ድምፅ ከኩክ ላይ ነጥሮ ሲመለስም ያፏጫል። የመስማት መቀነሱ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ሲሊኮን አይበቃህም፤ በጆሮህ ልክ የተቀረጸ ያስፈልግሃል፣ ለዚያም ባለሙያ በአካል የጆሮህን ቅርጽ መውሰድ አለበት።

ጥያቄ፦ ባለሙያው በቪዲዮ እየተነጋገረ ከሩቅ ያስተካክላል ሲባል እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ጥሩም ነገር ነው። መሣሪያው በብሉቱዝ ከስልካችሁ ጋር ይገናኛል፣ ባለሙያው በኢንተርኔት ገብቶ እያነጋገራችሁ ይቀይራል። አንዳንዱ መሣሪያ ራሱ ድምፅ እያሰማ እዚያው ይመረምራችኋል። መጀመሪያ በአካል ተለክታችሁ ክትትሉ ከሩቅ ቢሆን ለብዙ ሰው የምመርጠው ይህን ነው፤ በተለይ መንገድ ለሚያደክማቸው።

ጥያቄ፦ ራሱ የሚገዛውንና ባለሙያ የሚገጥምለትን ያወዳደረ ጥናት አለ?

መልስ፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከዕድሜ ጋር መስማታቸው የቀነሰ ሰዎችን በሦስት ከፍሎ፣ ለአንዱ ባለሙያ ገጠመ፣ ሌላው ራሱ መረጠ፣ ሦስተኛው ምንም የማያጎላ መሣሪያ ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች ጥቅም ተቀራራቢ ነበር፤ ራሳቸው የመረጡት ግን እርካታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ከመጀመራቸው በፊት ተመርምረዋል፣ መሣሪያውም ጥሩ ነበር። ቀላል ወይም መካከለኛ ችግር ላለባችሁና ጆሯችሁ ለታየ ሰዎች ከሩቅ ማዘዝ ያስኬዳል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልግዛ ወይስ አንድ?

መልስ፦ ሁለቱም ከቀነሱ ሁለት። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምንለየው በሁለት ጆሮ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መሣሪያ ገዝቼ በአቅራቢያዬ ያለ ባለሙያ ቢያስተካክልልኝስ?

መልስ፦ ከመክፈልዎ በፊት ስሙንና ሞዴሉን ለባለሙያው ይንገሩት። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ አንዳንድ ሻጮችም ከራሳቸው ሱቅ በቀር ሌላ እንዳይከፍተው ይቆልፉታል። የድምፅ ማውጫውም አቅም ከእርስዎ ምርመራ ጋር መግጠም አለበት፤ ለቀላል ችግር የተሠራውን ለከባድ ማድረግ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከሩቅ ገዝቼ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቤት ውስጥ ደህና ነው፤ ሰው በበዛበት ግን አይገባኝም። ልመልሰው?

መልስ፦ ገና አትመልሺው፤ የመመለሻውን የመጨረሻ ቀን ግን ዛሬውኑ አጣሪ። አእምሮ አዲሱን ድምፅ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል፣ በየቀኑ ካደረግሽው። ጫጫታ ውስጥ መስማት ደግሞ ለማንኛውም መሣሪያ ከባዱ ፈተና ነው፤ ጆሮ ውስጥ የተጎዱትን ሕዋሳት የሚተካ መሣሪያ የለም። የሚያናግርሽ ሰው ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ተጨማሪ ማይክሮፎን ግን ብዙ ትረዳለች፤ መሣሪያሽ የሚቀበል መሆኑን ሻጩን ጠይቂ። ቀኑ ሳያልፍ መሣሪያውን ይዘሽ ልኬት የሚያደርግ ባለሙያ ዘንድ ሂጂና ቀጭኑ ድምፅ ጎድሎ እንደሆነ ይይልሽ። ጎድሎ ከተገኘና ሻጩ ማስተካከል ካልቻለ ያን ጊዜ መልሺው።