ከሎኮሞቲቩ በፊት ቦዩን እዩ፦ ለወጣት የባቡር ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

የአየር ንብረት ለውጥ አሳስቧችሁ የባቡርን ሙያ የመረጣችሁ ብዙዎች ናችሁ። ምርጫችሁ ትክክል ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚያባክነው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ባቡር ከዓለም የመንገደኛ ጉዞ 8 በመቶውን፣ ከጭነቱም 7 በመቶውን እያጓጓዘ ከትራንስፖርት ዘርፍ የኃይል ፍጆታ የሚወስደው 2 በመቶ ብቻ ነበር።

ከእናንተ ጋር ስጨዋወት ግን ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ ሎኮሞቲቭ፣ ስለ ባትሪና ስለ ሃይድሮጂን ይሆናል። ዕድሜዬን በሐዲድ ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ መጀመሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን እዩ። ባቡሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ መስመሩን ጎርፍ ከቆረጠው ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ይዞራል። አንዴ የሄደ ደንበኛ ደግሞ ሐዲዱ ስለተጠገነ ብቻ አይመለስም። ልቀትን መቀነስና ሐዲድን ከጎርፍና ከሙቀት መጠበቅ ለእኔ አንድ ሥራ ናቸው።

ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ኮረት ክብደት ያከፋፍላል፤ ውኃም ያሳልፋል። ጭቃ ሲሞላው ሁለቱንም ይተዋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ከድንጋዮቹ መካከል ግራጫ ጭቃ ፊጭ እያለ ሲወጣ ካያችሁ፣ ውኃው ከታች መውጫ አጥቷል ማለት ነው። በላዩ ኮረት መጨመር ለጊዜው ያስታግሰው ይሆናል እንጂ አያድነውም፤ ቦዩ መከፈት አለበት።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2020 በስኮትላንድ፣ ካርሞንት በተባለ ስፍራ፣ ከባድ ዝናብ ከአንድ የውኃ ማፋሰሻ ጠርጎ ሐዲዱ ላይ ያከማቸውን ድንጋይ የመታ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያረጋገጠው ማፋሰሻው በንድፉ መሠረት አለመሠራቱን ነው። የምርመራውን ሪፖርት ፈልጋችሁ አንብቡት። ሥራ ሲያልቅም ንድፉን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ፤ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ ተከተሉት፤ ቢቻል እየዘነበ።

የድሮ ቱቦዎችና ድልድዮች ስፋት የተሰላው በድሮ የዝናብ መዝገብ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል፣ ዝናቡ ሲመጣ ይበረታል። ስለዚህ «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲሏችሁ፣ የየትኞቹ መቶ ዓመታት ስሌት እንደሆነ ጠይቁ። ቦታ መምረጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ሃጊቢስ የተባለው አውሎ ነፋስ የናጋኖን የባቡር ማቆሚያ በወንዝ ውኃ ሲያጥለቀልቀው፣ አሥር ፈጣን ባቡሮች፣ ማለትም 120 ፉርጎዎች፣ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። በዓለም ከተመሰገኑት የባቡር ሥርዓቶች አንዱ ላይ የደረሰ ነው።

ሙቀትም እንደ ውኃው ከባድ ነው። የዛሬው ሐዲድ ተበይዶ ኪሎ ሜትሮችን የሚሄድ አንድ ብረት ነው። የአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀት በ30 ዲግሪ ቢጨምርና ብረቱ እንደ ልቡ መርዘም ቢችል፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ነገር ግን ተይዟል፤ መርዘም ያቃተው ብረት ይገፋል፤ ኮረቱ ከጎን አጥብቆ ካልያዘው እንደ እባብ ተጠማዞ ይወጣል። ለዚህ ነው ሐዲድ ሲታሰር ውጥረቱ ዜሮ የሚሆንበት የሙቀት መጠን የሚወሰነው። ይህ መጠን በብሪታንያ 27 ዲግሪ ነው። ፀሐይ የመታው ሐዲድ ከአየሩ እስከ 20 ዲግሪ ሊበልጥ እንደሚችል አስቡ። ውጥረቱ ዜሮ የሚሆንበትን መጠን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ብርድ ሲመጣ ግን ብረቱ ተኮማትሮ ብየዳው ሊበጠስ ይችላል። ሐዲዱን ነጭ ቀለም መቀባት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያበርዳል፤ ወጪው ትንሽ ነውና አትናቁት። በሞቃት ወራት ኮረቱን የሚያላላ ጥገናም አታካሂዱ። የሐዲዱ ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ «ፍጥነት ይቀነስ» ብላችሁ ስታዝዙ የሚቆጡ አለቆች ይኖራሉ። ይቆጡ፤ እናንተ ትእዛዛችሁን አታንሱ።

በኃይሉ በኩል ከሁሉ የሚያስደስተኝ ፍሬን ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ሞተሮቹ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጠው ኃይል ይመልሳሉ። ከስዊድን ኪሩና ወደ ኖርዌይ ናርቪክ ወደብ የብረት ማዕድን የሚያወርደው ባቡር ከ8,000 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ቁልቁል ሲወርድ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ባዶውን ባቡር መልሶ ሽቅብ ለማውጣት ያግዛል። ስዊዘርላንድ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ሲያጥራት ባቡሮቿን በውኃ ኃይል ወደሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለማዞር ተጣደፈች፤ ዛሬ የኔትወርኳ ንጽሕና መሠረቱ ያ ውሳኔ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ንጽሕናው ግን በኃይል ማመንጫው ልክ ነው፤ መብራቱ ከከሰል የሚመጣ ከሆነ ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ሃይድሮጂንን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪክን ወደ ጋዝ፣ ጋዙን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ብዙ ኃይል ያባክናል፤ ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት በሚቻልበት ቦታ ሽቦ ዘርጉ።

የጥገና በጀት ስትጠይቁ «ቦዩ ይጠረግ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። በእንግሊዝ ዶውሊሽ የባሕር ማዕበል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የሐዲዱን ግንብ ሲያፈርስ፣ መስመሩ የተከፈተው ኤፕሪል ላይ ነበር። የእናንተም መስመር እንዲህ ቢዘጋ ስንት ቶን ጭነት ወደ መኪና እንደሚዞር፣ ያም ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚያስከትል አስልታችሁ ከጠረጋው ወጪ ጎን አስቀምጡ። የፉርጎዎቹን ጭነት ከጣቢያው መዝገብ፣ የመኪኖቹን የነዳጅ ፍጆታ ደግሞ ከአጓጓዦቹ ታገኛላችሁ።