ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ፕሮስቴትህ 58 ግራም ደርሷል አሉኝ፤ አበቃልኝ ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 64 ነው። ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት መነሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቆሜ ብዙ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣም ይቆራረጣል። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉኝ። መድኃኒት ቤት ሲፕሮ ሰጡኝ፤ ሁለቴ ወስጄ ጨረስኩ፣ ለውጥ የለውም። በቅርቡ ልጄ ይዞኝ ሄዶ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ወረቀቱ ፕሮስቴት 58 ግራም፣ ከሸናሁ በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረው 90 ሚሊ ሊትር ይላል። በደም ምርመራ ፒኤስኤ 4.8 ነው። ጎረቤቴ «እሱ ካንሰር ነው፤ ቢላ ከነካው ደግሞ ወንድነትህ አለቀ» አለኝ። ታክሲ ላይ እንዳልቸገር ብዬ ቀን ቀን ውኃ መጠጣት ትቻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትም ማታ ማታ እወስዳለሁ፤ የሚያሸና ነው ብለውኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ይባረክ፤ ይዞዎት መሄዱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ አባቶች እንዲህ ያለውን ነገር ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ዓመታት ያሳልፋሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ ይዘጋና በሰው ትከሻ ተደግፈው ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። እርስዎ እዚያ ሳይደርሱ ነው የጠየቁት።

መጀመሪያ ወረቀቱን እናንብበው። ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ ነው፤ የወጣት ወንድ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ ያድጋል። 60 ዓመት ካለፋቸው ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያደገ ፕሮስቴት አላቸው። ስለዚህ በእርስዎ ዕድሜ 58 ግራም ብርቅ አይደለም። እኔ በግሌ በዚህ ቁጥር ሰው ሲደነግጥ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርምና። የሽንት ቧንቧው የሚያልፈው በዕጢው መሐል ነው። ዕጢው ወደ ውስጥ ካደገ 30 ግራም ሆኖም ቧንቧውን ጨምቆ መከራ ያሳያል። ወደ ውጭ ካደገ ደግሞ 100 ግራም ደርሶ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሊያድር ይችላል። መጠኑ የሚጠቅመን በዋናነት የትኛው መድኃኒት ወይም የትኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል ለመምረጥ ነው።

እኔ ይበልጥ የማየው 90 የሚለውን ነው። ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ጥሩ ነው እንላለን። 90 ማለት ፊኛዎ ሲሸኑ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፤ ግን የሚያስደነግጥ ደረጃ ላይ አይደለም። ከ200 እና ከ300 ሲያልፍ ነው የሚያሳስበን። እርስዎ ሾፌር ነዎት፤ ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሞተር ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ፊኛም በጠበበ ቧንቧ ሽንት ሲገፋ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጡንቻው ይወፍራል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ይደክማል። ከደከመ ወዲያ ቧንቧው ቢከፈትለትም ሙሉ ጉልበቱ ላይመለስ ይችላል። የተጠራቀመው ሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ጠጠር ይሠራል፣ ሲብስም ኩላሊትን ይጎዳል። ከአልትራሳውንዱ ጋር የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ካልተሠራልዎት ያሠሩ። የስኳር ምርመራም አብሮ ይሠራ። ሌሊት ከሚመላለሱት ውስጥ ስኳር ኖሮባቸው ያላወቁ አሉ።

አሁን ወደ ካንሰሩ። የፕሮስቴት ማደግ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ማደጉ የሚጀምረው ቧንቧውን ከሚከበው የውስጠኛው ክፍል ነው። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከውጨኛው ክፍል ነው። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ፒኤስኤ፣ ማለትም ዕጢው የሚሠራውንና በደም ውስጥ የሚገኘውን ፕሮቲን፣ የምንለካውም፣ ሐኪሙ በጣቱ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን የሚዳስሰውም ለዚህ ነው። ይህን ዳሰሳ ብዙ አባቶች ውርደት አድርገው ያዩታል። ምርመራው አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ዕጢው ልስልስ ነው ወይስ ጠጣር፣ እብጠት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ጣት ይነግረናል። እባክዎ እምቢ አይበሉ።

4.8ን በተመለከተ፣ ዕጢው ባደገ ቁጥር ፒኤስኤም ይጨምራል። ለ58 ግራም ዕጢ 4.8 ብቻውን ካንሰር አለ አያሰኝም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) መግባት፣ በቀረቡት ሁለት ቀናት የተደረገ ግንኙነት ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ችላ ይባል ግን አልልም። ሽንትዎ ይመርመር፤ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒኤስኤው ይደገም። ከዚያ ኡሮሎጂስት፣ የሽንት አካላትና የፕሮስቴት ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ከዳሰሳው ጋር አገናኝቶ ይወስን።

መጀመሪያ «ብርድ ነው» ያሉዎት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሰውነት ብዙ ሽንት ያመርታል፤ የፕሮስቴቱና የፊኛው አፍ ጡንቻም ይኮማተራል። ስለዚህ ብርድ ያብሰዋል። ያመጣው ግን ብርድ አይደለም። ዕድሜና የወንድ ሆርሞን ናቸው። ብዙ ግንኙነት ማድረግም አያመጣውም፣ አለማድረግም አያመጣውም። በወጣትነት ጨብጥ ይዞት የነበረ ሰው ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ሊጠብና ሽንቱ ሊቀጥን ይችላል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ሲፕሮው ግን አናደደኝ። ሽንት ሳይመረመር፣ ባክቴሪያ መኖሩ ሳይታወቅ ሁለት ዙር መውሰድ አልነበረብዎትም። ያደገ ዕጢን አንቲባዮቲክ አያሳንሰውም። ከ60 ዓመት በላይ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ሲፕሮ የእግር ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። ለሦስተኛ ጊዜ ቢሰጡዎት አይቀበሉ።

ውኃውን ወደ መጠጣት ዛሬውኑ ይመለሱ። ውኃ የተጠማ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጣል፤ ይባስ ብሎ ቶሎ ቶሎ ያስሮጠዋል። ሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መጨናነቅ እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ይቀንሱ እንጂ የሚደርሱበት ሲደርሱ ጠጡ። ከመውጣትዎ በፊት ሸንተው፣ ጥቂት ቆይተው ሳይጣደፉ ደግመው ይሞክሩ፤ የቀረው ይወጣል። የሚቀነሰው የማታው ነው። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ውኃ፣ ሻይ፣ ጠላና ቢራ ይቀንሱ። ቡናም በማታ ከሆነ በአቦል ይብቃዎ።

የግፊት መድኃኒትዎ ነገር ዋናው ይመስለኛል። የሚያሸና ኪኒን ማታ የሚወስድ ሰው ሌሊቱን ቢመላለስ ምን ይገርማል? አያቋርጡት፤ ግፊቱ አይለቅዎትም። ያዘዘልዎትን ሐኪም ጠዋት ላይ ልውሰደው ወይ ብለው ይጠይቁ። ይህች ብቻ ከአራቱ ምልልስ አንዱን ሁለቱን ልታስቀርልዎት ትችላለች። ጉንፋን ሲይዝዎም እንዲሁ የጉንፋን ኪኒን ገዝተው አይዋጡ። አፍንጫ የሚከፍቱት የፊኛውን በር ያጠብቃሉ፤ እንቅልፍ የሚያስይዙት ደግሞ የፊኛውን ጡንቻ ያደክማሉ። ሽንቱ በአንዴ የሚዘጋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መድኃኒት አለ። ታምሱሎሲን የሚባለው የፕሮስቴቱንና የፊኛውን በር ጡንቻ ያላላል፤ በቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። ግፊት ስላለብዎት በተለይ ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ በቅጽበት አይቁሙ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ራስ ሊያዞር ይችላል። ፊናስቴራይድ የሚባለው ደግሞ ዕጢውን ቀስ እያለ ያሳንሰዋል። ለውጡ ግን ስድስት ወር ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው። ፒኤስኤንም በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ምርመራ ሲያደርጉ ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይናገሩ። በአንዳንዱ ሰው ላይ የግንኙነት ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሲጀምሩ ይህንን ማወቅ መብትዎ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ሶ ፓልሜቶ የሚባለው የዕፅዋት ክኒን በትልልቅ ጥናቶች ከባዶ ክኒን አልበለጠም። ብሩን ለምርመራው ያውሉት።

«ወንድነትህ አለቀ» ለሚለው። መጀመሪያ ነገር፣ አብዛኛው ሰው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የሚያስፈልገውም፣ በተለመደው ዘዴ፣ ሆድ አይቀደድም። በሽንት ቧንቧ በኩል ቀጭን መሣሪያ ይገባና ቧንቧውን የጨመቀው የውስጠኛው ሥጋ ተፍቆ ይወጣል። በጣም ለተለቀ ዕጢ በሆድ በኩል የሚሠራም አለ። የወንድ ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ከዕጢው ውጭ ናቸው፤ የብዙዎቹ አቅም እንደነበረ ይቀጥላል። በብዙ ሰው ላይ የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው። ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ ይመለስና ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉዳት የለውም፤ ገና ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ከባለቤትዎም ጋር ይነጋገሩ። እርሷም ሌሊቱን ከእርስዎ ጋር ስትነቃ ነው የምታድረው።

ከዚህ በታች ያለው ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሽንትዎ ጨርሶ ከተዘጋና እምብርትዎ ሥር ከተነፋ፣ ደም ከሸኑ፣ ወይም ሽንት እያስቸገረዎት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ሰዓት ለእርስዎ ቅርብ ወደሆነው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። «ጠዋት ይታያል» አይባልም። በካቴተር ወዲያው ይተነፍሳሉ።

እስከዚያ አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎ። ለሦስት ቀንና ሌሊት በየስንት ሰዓቱ እንደሸኑ፣ ምን እንደጠጡ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከቻሉ በሚሊ ሊትር ምልክት ባለበት ዕቃ ይለኩት። ያንን ወረቀት፣ አልትራሳውንዱን፣ የፒኤስኤውን ውጤትና የሚወስዷቸውን ኪኒኖች ከነፓኮቻቸው ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ወደ ኡሮሎጂስት ሪፈር እንዲጽፉልዎትም ይጠይቁ።