የምድጃችሁ ጡብ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ አትግዙ

ጥቅምት ሲጋመስ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ሚኒሶታ የቆየ ቤት የገዛ ወገን ሳሎኑ ጥግ ያለውን የእንጨት ምድጃ ይከፍትና የውስጡ ጡብ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቤቱን ያቃጥልብን ይሆን?» ይለኛል፤ ፎቶ ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሴ አንድ ነው፦ ስንጥቁን ተወውና እሳትህን አንድደህ ሙቅ።

ጡቡ እዚያ የተቀመጠው ብረቱን ከእሳት ለመከለልና ግለቱን እንጨቱ አጠገብ ለማቆየት ነው። ለሁለት የተከፈለ ጡብም ቦታው ላይ እስከቆመ ድረስ ይህን ሥራ ይሠራል። የሚያሳስበው ሲፈረፈር፣ ወደ ፊት ሲጋደል፣ ወይም ቁራሹ ወድቆ ከጀርባው ብረት ሲታይ ነው። ያኔ እሳቱ ብረቱን በቀጥታ ይልሰዋል፤ ብረቱ ከተጣመመ ደግሞ ወጪው የጡብ ዋጋ አይሆንም።

እኔ ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ስንጥቅ ሲያይ እጁ ወደ ምርጊት ይሄዳል። ሲሚንቶ ገዝቼ በጡቦቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞላሁ፤ በጣት አስተካክዬ ለቀለቅሁት። አምሮ ነበር። ሦስት ሳምንት አልቆየም። ጡብ ሲግል ይለጠጣል፤ መላወሻ ሲያጣ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ይሰበራል። ሲሚንቶው ረግፎ አመድ ውስጥ ገባ። የቀረውን በመሮና በመዶሻ ስፈለፍል አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለፈ፣ ደህና የነበሩ አራት ጡቦችም አብረው ሄዱ። ለካ የአብዛኛው ምድጃ ጡብ ያለ ምንም ማያያዣ፣ እንዲሁ ተደርድሮ የሚቆም ነው!

መቀየር ካለበት ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አውጥታችሁ ለኩት። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ልክ 9 ኢንች በ4 ተኩል፣ ውፍረቱ 1 ከሩብ ኢንች ነው። እጃችሁ ላይም መዝኑት። ከበድ ያለው፣ ወደ 1.7 ኪሎ የሚጠጋው፣ የሸክላ ጡብ ነው። ቀለል ያለው ፑሚስ ነው፤ ያው በስምጥ ሸለቆ ለብሎኬት የሚቆፈረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ፑሚስ ግለትን የበለጠ ይከላከላል፣ ሸክላው ግን ምቱን ይችላል። ምድጃው ከየትኛው ጋር እንደተሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ በዚያው ተኩት። ለግንብ የሚሸጠውን ተራ ጡብ ግን አታስገቡ። ከአውሮፓ የመጡ ምድጃዎች ውስጥ ደግሞ ቨርሚኩላይት የሚባል በጥፍር የሚጫር ሰሌዳ ታገኛላችሁ፤ እሱ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል። የሸክላውን በግራይንደር የምትቆርጡ ከሆነ ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍንጫችሁን በደህና ማስክ ሸፍናችሁ ይሁን፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

ስትገጥሙ እሳቱ ከጠፋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይለፈው። አሮጌውን ከማንሳታችሁ በፊት አደራደሩን ፎቶ አንሱ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ማታ እኔን ይቀሰቅሰኛል። ብዙ ምድጃ ላይ የጀርባው መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ የጎኖቹ መጥተው ይደግፉታል። የመጨረሻው ጡብ በእጅ ግፊት ካልገባ ጠርዙን ሞርዱት እንጂ በመዶሻ አትምቱት። በጠቅላላው የሁለት ዳይም፣ ማለትም የአሜሪካ አሥር ሳንቲም፣ ውፍረት ያህል ክፍተት ቢቀር ደግ ነው። ከላይ፣ ከጭስ መውጫው በታች ጣሪያ መስሎ የተኛውንም ረድፍ ተመልከቱ፤ እዚያ አንድ ጡብ ሸሽቶ ከሆነ ነበልባሉ አቋርጦ ወደ ቧንቧው ይወጣል።

ከዚያ ማሟሸት ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገና ከገበያ እንደመጣ ከባድ እሳት ላይ የሚጥድ የለም፤ አዲስ ጡብም እንደዚያው ነው። ጎመን ዘር አያስፈልገውም እንጂ ጠባዩ አንድ ነው፦ ውስጡ ያለው እርጥበት በድንገት ሲግል ይፈነክተዋል። ሁለት ሦስት ቀን በጭራሮ ትንሽ ትንሽ አንድዱና እስኪበርድ ተዉት።

ከዚያ በኋላ ጡብ የሚገድለው እጃችን ነው። ግንዱን ከሩቅ አትወርውሩት፤ አስቀምጡት። በሩ እንዲዘጋ ብላችሁም በእግር አትግፉት። እርጥብ እንጨት ጡቡንም ይጎዳል፣ ጭስ ማውጫውንም በጥቀርሻ ይደፍናል፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይሁን፣ መለኪያው ርካሽ ነው። አመዱን እስከ ወለሉ አትጥረጉ፣ አንድ ኢንች ያህል ተዉለት። የምታወጡትን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት አርቁት፤ ረመጥ አመድ ስር ቀናት ያድራል። ጭስ ማውጫውን በዓመት አንዴ ባለሙያ ይየው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውም ባትሪ ይኑረው። የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው መንገር አያሻም።

ፎቶ ስትልኩልኝ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ ጡቡን በመጥረጊያ ንኩት። ባለፈው የተላከልኝ «ትልቅ ስንጥቅ» ሲጠረግ የጠፋ የጥቀርሻ መስመር ነበር።