«እሷ በርትታ አጠባች» ሲሉኝ ያመኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ኮቪድ በገባ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ምርመራው «አለብሽ» ስላለኝ ልጄን ሳልታቀፋት ወሰዷት። ስድስት ቀን ሙሉ ፎቶዋን በስልክ እያየሁ ቆየሁ። ጡቴ አግቶ ልብሴን ሲያርሰው፣ ወተቱን በእጅ ማለብ እንደሚቻል እንኳ የነገረኝ የለም። ስንወጣ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት በነጻ ሰጡን። ቆርቆሮው ሲያልቅ የኔም ወተት አብሮ አለቀ። የባሌ እህት በዚያው ሰሞን ወልዳ፣ ሥራዋን ከቤት እየሠራች ሁለት ዓመት አጠባች። ዛሬም ቤተሰብ ሲሰበሰብ «እሷ በርትታ አጠባች» ይባላል። እኔ ሰነፍ ነበርኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። በጭራሽ አይደለሽም።

ጡት ወተት የሚሠራው ሲጠባ ወይም ሲታለብ ነው። ሞልቶ ከቆየ ሰውነት «አልተፈለገም» ብሎ መሥራቱን ይቀንሳል። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ስድስት ቀን ማለት እንግዲህ፣ በትንሹ ብናሰላው እንኳ፣ 48 ጊዜ ያልተጠባ ጡት ነው። ይሄን የትኛው ብርታት ያካክሰዋል? ቢያንስ አንዲት አዋላጅ አጠገብሽ ቁጭ ብላ አስተላለቡን ብታሳይሽ ኖሮ ወተቱ ላይነጥፍ ይችል ነበር፣ ከነጠፈ በኋላም ቢሆን ልጅቷን ደጋግሞ ጡት ላይ በማድረግ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ያንንም የሚነግርሽ አላገኘሽም።

መለያየቱ ራሱ ግድ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የሰጠው ምክር ግልጽ ነበር፤ ኮቪድ ያለባት እናት አቅሙ ካላት ማስክ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ልጇን ገላ ለገላ ትቀፍ፣ ጡትም ትስጥ። የማጥባት ጥቅም ከቫይረሱ ስጋት እንደሚበልጥ ሰኔ ላይ ባወጣው ማብራሪያም ደግሞታል። ግን ሐኪም ቤቱም ፈርቷል፣ ሠራተኛው ተሟጧል፣ ያልተያዘን ልጅ ለይቶ ማስቀመጥ ደግሞ ለዓይን ጥንቃቄ ይመስላል። በብዙ ቦታ ፍርሃቱ ምክሩን ቀደመው። እነሱን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን የምጠይቀው ምክሩን ወደ ግዴታ መመሪያ ቀይሮ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ ማውረድ የነበረበትን አካል ነው። እሱም መንግሥት ነው።

ቆርቆሮዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሷ ነገር ታናድደኛለች። የእናት ጡት ወተት ምትኮች (እንደ ዱቄት ወተት ያሉ) ሽያጭን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በ1994 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጥ የዱቄት ወተት በጤና ተቋማት እንዳይኖር ወስኗል። ነጻ ቆርቆሮ ስጦታ አይደለም እኮ፤ ጡቱ እስኪነጥፍ ድረስ የምታቆይ ናሙና ናት፣ ቀጣዩን የምትገዢው አንቺ ነሽ። በ2020 ከታዩት 194 አገሮች ውስጥ 136ቱ ደንቡን የተመለከተ ሕግ ነበራቸው፤ ነጻና ቅናሽ እደላን በጤና ተቋም የከለከሉት ግን 51 ብቻ ነበሩ። ወረርሽኙ ሲመጣ በሩ ለልገሳ ክፍት ነበር።

የባልሽ እህት? አጥብታለች፣ ደግ አደረገች። ግን እሷ ደሞዝ፣ ቤትና ከልጇ ያለመለየት ዕድል ነበራት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድና እንደ ሥራ ሰዓት የሚቆጠር የማጥቢያ እረፍት ይጠይቃል። ይሄ የሚደርሳት ግን ውልና ፔሮል ያላት ናት። የቀን ሠራተኛዋ፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ፣ ቸርቻሪዋ ከዚህ ውጪ ናቸው። በወረርሽኙ ጊዜ ቤት ለቤት የምትመጣው የጤና ባለሙያ ስትቀር ምክሩ ወደ ቪዲዮ ጥሪ ዞረ፣ ኢንተርኔት ያላት አገኘች፣ የሌላት ቀረባት። አንድ ዓይነት ፖስተር ለሁሉም መለጠፍ እኩልነት አይመስለኝም። ፈቃድ ለሌላት እናት የገንዘብ ድጎማ መስጠት፣ የማጥባት ምክርን ከማይቋረጡ አገልግሎቶች ጋር መቁጠር፣ ምጥ ላይ አንድ ሰው አብሯት እንዲገባ መፍቀድ፤ እሱን ነው ድጋፍ የምለው።

ጥያቄ፦ ግን መንግሥት በሰው ጡት ምን አገባው? ያላጠባችውስ ጥፋተኛ ልትባል ነው?

መልስ፦ ማስገደድማ አያገባውም። ማጥባት የማትችል ወይም ያልፈለገች እናትም ንጹህ ውሃና ከሻጭ ያልመጣ ምክር ያስፈልጋታል። እኔ ያልኩት፣ ማጥባት ፈልጋ መንገዱ የተዘጋባት ሴት «ምርጫዋ ነው» አትባል ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ኮቪድ ቢይዘኝ የአራት ወር ልጄን ማጥባት ላቁም?

መልስ፦ አታቁሚ። ማስክ አድርጊ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ አጥቢ። ክትባት ብትወስጂም ማቆም አያስፈልግም። ትኩሳቱ ካደከመሽ አልበሽ ጤነኛ ሰው በንጹህ ኩባያ ወይም ማንኪያ ያጠጣልሽ። ቤት ውስጥ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ ተነጋገሩ።