የአባቴ የደም ምርመራ 8 መጣ፤ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ የቆሽት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ስለነበር የሐሞት ቱቧቸው ውስጥ ስቴንት (ቱቦው እንዳይዘጋ የሚያደርግ ትንሽ ቧንቧ) ገብቶላቸዋል። ኬሞ ገና አልጀመሩም። ሰሞኑን ማታ ማታ ያንቀጠቅጣቸዋል። የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ውጤታቸው ከነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ኒውትሮፊል 9.6፣ ሊምፎሳይት 1.2 ይላል። ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ሳካፍል 8 መጣ። ከ5 ከበለጠ ዕድሜ አጭር ነው ይላል። እውነት ነው?
የአባቷ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። ግን ወረቀቱን ለጊዜው ተይውና አባትሽን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂያቸው። ስቴንት የገባለት ሰው ሲያንቀጠቅጠው የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድሞ የሚዘምተው ደግሞ ኒውትሮፊል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያናረው ካንሰሩ ሳይሆን ይኸው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ያነበብሽው ከመሬት ተነስቶ የተጻፈ አይደለም። ኤምፓክት በተባለውና በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው የኬሞ ጥናት 861 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ከእነሱ መካከል ይህ ቁጥር ከ5 በላይ የሆነባቸው በአማካይ የኖሩት አጠር ላለ ጊዜ ነው። ዕጢው የሚቀሰቅሰው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ኒውትሮፊልን ያበዛል፤ ዕጢውን የሚዋጉት ሊምፎሳይቶች ደግሞ ይመናመናሉ። ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ አይቆረጥበትም። ድንበሩንም አንዱ ጥናት 3 ላይ፣ ሌላው 5 ላይ ያሰምረዋል።

ኬሞ ሲጀምሩም ቁጥሩ ይረበሻል። ማስታወክን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። ፊልግራስቲም የሚባለው መርፌማ ሥራው ራሱ ኒውትሮፊል ማብዛት ነው።

የእኛ ሰው ጉዳይም አለ። እስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይ እንደታየው፣ ምንም ሳይታመሙ ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ኢትዮጵያውያን አሉ። ለእነሱ የፈረንጅ ድንበር ልክ ላይሆን ይችላል። አባትሽ ከመታመማቸው በፊት የተሠራ ሲቢሲ ካላቸው መሳቢያውን ፈትሺና ይዘሽ ሂጂ። ያቺ ወረቀት ከኢንተርኔቱ ትበልጣለች።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ቁጥር በፊት የማየው ሌላ ነው፦ ሰውየው ራሱን ችሎ ይነሳል ወይ? ምን ያህል ከሳ? ሲቲ ስካኑ ላይ ዕጢው የት ደርሷል? ኢንፌክሽኑ ታክሞ ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ፣ ኬሞ ሳይጀምሩ፣ ሲቢሲው ይደገም። ያኔም ካልወረደ ሁለቱን ውጤት ለካንሰር ሐኪማቸው አሳዪና ከሲቲው ጋር አንድ ላይ እንዲያዩልሽ ጠይቂ።